የሲክ ዕለታዊ ጸሎት በእንግሊዝኛ፦ ማንበብ ነው ወይስ መድገም?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ካናዳ የሚኖሩ ኢትዮጵያዊት ናቸው፤ ከፓንጃብ ከመጣ የሲክ ቤተሰብ ልጅ ጋር ከተጋቡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ማንም ሳያስገድዳቸው ጠዋት ጠዋት ጀፕጂ ሳሂብ የተባለውን ጸሎት፣ ማታ ከመተኛታቸው በፊት ደግሞ ሶሂላን በእንግሊዝኛ ትርጉም ከስልካቸው ላይ ያነባሉ። ፓንጃብኛ አያውቁም። አማታቸው በፍቅር፣ ግን ሳይሸሽጉ፣ «ጥሩ ነው ልጄ፤ ነገር ግን ይህ ማንበብ እንጂ ፓት አይደለም» አሏቸው። «እስካሁን ያደረግሁት ከንቱ ነው? ልተወው? ወይስ በባዕድ ቋንቋ ከሆነ አይቀር በአማርኛ ላድርገው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ከንቱ አይደለም፤ አይተዉት። አማትዎም ግን አልተሳሳቱም። እኔ ራሴ ሲክ አይደለሁም፤ የሃይማኖት ታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ለትምህርት ፓንጃብ በቆየሁበት ጊዜ ግን እርስዎ የገቡበት ጣጣ ውስጥ ገብቼ ስለነበር መልሴ ትንሽ ቢረዝም ይታገሡኝ።

ከአማትዎ ቃል ልነሣ። «ፓት» የሚለውን «ንባብ» ብለው ከተረጎሙት አነጋገራቸው ግራ ያጋባል፤ ማንበብ ማንበብ አይደለም እንደ ማለት ይሆናል። እንግሊዝኛው እዚህ ላይ ብዙ አይረዳዎትም። አማርኛ ግን ቃሉ አለው። አያቶቻችን ዳዊት አነበቡ አይባልም፤ ደገሙ ነው የሚባለው። ጋዜጣ ይነበባል፣ ደብዳቤ ይነበባል፤ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም ይደገማሉ። የሚደገም ነገር ቃሉ አይለዋወጥም፣ የራሱ ሰዓት አለው፣ ዜማ ባይኖረው እንኳ ልክ አለው፣ ከጊዜ በኋላ ዓይን ሳያየው ከንፈር ይዞት ይሄዳል። አማትዎ ያሉት «ታነቢያለሽ እንጂ አትደግሚም» ነው። እንዲህ ሲሰሙት ወቀሳነቱ ቀርቶ ትክክለኛ አስተያየት ይሆናል።

ይህን የሚሉበት ምክንያት ከልማድ ያለፈ ነው። የሲክ እምነት ቅዱስ መጽሐፍ የሆነውን ጉሩ ግራንት ሳሂብን አምስተኛው ጉሩ (መምህር)፣ ጉሩ አርጀን፣ በ1604 አሰባስበው አምሪትሰር ከተማ በሚገኘው ሃርማንዲር ሳሂብ በተባለው ቤተ ጸሎት አኖሩት (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አሥረኛው ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በ1708 ከማረፋቸው በፊት ከእርሳቸው በኋላ ሰው የሆነ ጉሩ እንደማይኖር፣ መጽሐፉ ራሱ ጉሩ እንደሚሆን ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ አስተማሪ ነው፤ ስለ አስተማሪ የሚናገር መጽሐፍ አይደለም። ጉርድዋራ፣ ማለትም የሲኮች ጸሎት ቤት፣ ሲሄዱ አይተውት ይሆናል፦ ባለ 1430 ገጹ ጥራዝ ጥላ ተዘርግቶለት በዙፋን ላይ ይቀመጣል፤ ማታም በክብር ተሸፍኖ ወደ ማረፊያው ይወሰዳል። የእንግሊዝኛ ትርጉሙ የቱንም ያህል ቢያምር በዚያ ዙፋን ላይ አይቀመጥም። ትርጉም መጽሐፍ ነው፤ ጉሩ አይደለም።

ደንቡም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። የአምሪትሰሩ የጉርድዋራዎች ኮሚቴ በ1945 ያጸደቀው የሲክ ረሂት መርያዳ፣ ኒትነም የሚባለውን ዕለታዊ ጸሎት ይዘረዝራል፤ ለጠዋት ጀፕጂ፣ ጃፕና አሥሩ ሰወዬ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሶደር ረህራስ፣ ለመኝታ ሶሂላ፣ መዝጊያውም አርዳስ የተባለው ልመና። መጽሐፉ የተጻፈበትን ጉርሙኪ ፊደል መማር ለአንድ ሲክ አስፈላጊ መሆኑም በዚያው ደንብ ተጽፏል። በተለይ አምሪት የተባለውን የመቀደሻ ውኃ ተቀብሎ ወደ ኻልሳ፣ ማለትም ቃል ኪዳን ወደገቡት ሲኮች ማኅበር፣ ለገባ ሰው ይህ ቃል የገባበት ዕዳ ነው። እርስዎ ያን ቃል አልገቡም። ስለዚህ «ይቆጠራል ወይ?» ከማለትዎ በፊት ቆጣሪም ተቆጣሪም እንደሌለ ይወቁት፤ የጎደለብዎት ግዴታ የለም።

ሌላውን ወገን ደግሞ ልናገር። ጉሩ ናናክ (1469–1539) ሲያስተምሩ የሊቃውንቱ ቋንቋ ሳንስክሪት ነበር፣ የቤተ መንግሥቱ ፋርስኛ፣ የመስጊዱ ዓረብኛ። እርሳቸው ግን ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ ዘመሩ። መጽሐፉም የአንድ ቋንቋ ርስት አይደለም፤ የፓንጃቡ የፈሪድ፣ የሸማኔው የከቢር፣ ከማራቲ ተናጋሪዎች ምድር የተነሡት የናምዴቭ ዝማሬዎች አሉበት፤ የዓረብኛና የፋርስኛ ቃላት ሞልተውበታል። ፈጣሪ ፓንጃብኛ ብቻ ይሰማል የሚል ትምህርት በዚህ ውስጥ አያገኙም። ጠዋት ጠዋት በሚያነቡት በጀፕጂ አራተኛው እርከን (አንቀጽ) ላይ የፈጣሪ «ቋንቋው ወሰን የሌለው ፍቅር ነው» የሚል ሐረግ አለ፤ አማትዎ በቃላቸው ያውቁታል።

ስለዚህ እንግሊዝኛው ሸክሙን ይችለዋል ወይ የሚለውን እንመልከት። እዚህ ላይ ለእኛ ሰዎች የማይታመን የሚመስል ታሪክ አለ። የሲክን መጽሐፍ ሰፋ አድርጎ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ኤርንስት ትሩምፕ የተባለ ጀርመናዊ ነው፤ ሥራው በ1877 ታተመ። ይኸው ሰው ግዕዝ አዋቂም ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1880፣ የአዳምን ገድል የግዕዝ ጽሑፍ ሙኒክ ላይ ያሳተመ እርሱ ነው። የእኛንም የእነርሱንም ብራና የገለጠ አንድ እጅ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ሰዋስው ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ማክበር ሌላ። ትሩምፕ በመግቢያው ላይ መጽሐፉን ጥልቀት የሌለውና እርስ በርሱ ያልተያያዘ አድርጎ ስለገለጸው ሲኮች አዘኑበት። ከእርሱ በኋላ ማክስ አርተር ማኮሊፍ የተባለው አየርላንዳዊ ከእንግሊዝ መንግሥት ሥራው ለቅቆ፣ ከሲክ ሊቃውንት ጋር ቃል በቃል እየተመካከረ ስድስት ቅጽ አዘጋጀ፤ በ1909 ታተመ። ከዚያ ወዲህ ሙሉው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ተተርጉሟል፤ ስልክዎ ላይ ያለውም ከእነዚህ የአንዱ ልጅ ነው።

የማኮሊፍ ዘመን እንግሊዝኛ የመጽሐፍ ቅዱስ ጠረን አለው፤ ጠረኑ ዛሬም ከብዙዎቹ ትርጉሞች አልለቀቀም። «ጌታ»፣ «ኃጢአት»፣ «መዳን» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት በየገጹ አሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ላደገ ሰው ደግሞ እነዚህ ቃላት ባዶ አይደሉም፤ የራሳቸውን ታሪክ ተሸክመው ይመጣሉ። ጉሩ ናናክን የሚያነቡ እየመሰለዎት የሰንበት ትምህርት ቤትዎን ሊያነቡ ይችላሉ። እኔ መጀመሪያ አካባቢ ለስድስት ወር ያህል ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

የመክፈቻውን ቃል፣ ሙል መንተርን፣ ተመልከቱት። የሚጀምረው በፊደል ሳይሆን በቁጥር ነው፤ አንድ ቁጥር ይጻፍና «ኦንካር» ይከተላል። ከዚያ ሰት ናም፣ ከርታ ፑረክ፣ ኒርበኦ፣ ኒርቬር፣ አካል ሙረት፣ አጁኒ፣ ሴበንግ፣ ጉር ፐርሳድ። ግስ የለውም። እንደ ድንጋይ ካብ ስም በስም ላይ ተደርድሯል። አሁን ወደ አማርኛ ልመልሰው፦ አንድ ነው፤ ስሙ እውነት ነው፤ ሠሪ ነው፤ አይፈራም፤ አይጠላም፤ ጊዜ የማይነካው መልክ ነው፤ አልተወለደም፤ በራሱ አለ፤ በጉሩ ጸጋ ይገኛል። አያችሁ? ግስ ባስገባሁ ቁጥር አንድ ወንድ ገባ። እንግሊዝኛውም በተውላጠ ስሙ እንዲሁ ያደርጋል። በነገራችን ላይ «አካል» የሚለውን ሲሰሙ የእኛን አካል እንዳያስቡ፤ እዚያ «አ» ማፍረሻ ናት፣ «ካል» ጊዜ ነው፤ ጊዜ የማይገዛው ማለት ነው። ጆሯችን ግን ሥጋና አጥንት ያለው ነገር ይሰማል፤ ትርጉሙ ተገልብጦ ቁጭ።

ቀጥሎ የመጀመሪያው እርከን የመጀመሪያ መስመር፦ «ሶቼ ሶች ነ ሆወኢ፣ ጄ ሶቺ ላክ ዋር»። ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች «መቶ ሺህ ጊዜ ቢታሰብም በማሰብ አይደረስበትም» ይላሉ። ሌሎች ሊቃውንት ግን «ሶች» እዚህ ላይ መንጻት ነው ብለው «መቶ ሺህ ጊዜ ቢታጠቡም በመታጠብ ንጽሕና አይገኝም» ብለው ያነቡታል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ምክንያቱም ቀጥሎ ያለው መስመር ዝም ስለ ማለት ነው፣ ሦስተኛው ስለ ረኃብ፣ አራተኛው ስለ ብልጠት፤ የባሕታውያንና የሊቃውንት ልማድ ተራ በተራ እየተነሣ በቂ እንዳልሆነ ይነገራል፣ መታጠብም በዚህ ሰልፍ ራስ ላይ ቢቆም ያምርበታል። እርስዎ ይስማሙ አይስማሙ ሌላ ነገር ነው። ቁም ነገሩ አንድ ትርጉም ብቻ የያዘ ሰው ምርጫ መኖሩን እንኳ አያውቅም፤ ተርጓሚው መርጦለት አልፏል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ትርጉሞች ይኑርዎት። በሚለያዩበት ቦታ ላይ እርሳስ ያስምሩ፤ ለአማትዎ የሚያቀርቡት ጥያቄ እዚያው ነው።

«በአማርኛ ላድርገው?» ላሉት መልሴ ምናልባት ያስገርምዎት ይሆናል፦ ለጸሎት ሳይሆን ለመረዳት፣ አዎ። አንዳንድ ቦታ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይቀርባል። «ነደር» የሚለውን ቃል እንግሊዝኛው «ጸጋ» ብሎ ያልፈዋል። ቃሉ ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ማየት፣ ዓይን መጣል ነው፤ የግዕዙ «ነጸረ» ዘመዱ ነው፤ አፍንጫዎ ላይ የሚያደርጉት መነጽርም ከዚያው ቤት ነው። እኛ «በዓይነ ምሕረትህ ተመልከተን» ስንል ነደርን ማንም ሳያስረዳን ተናግረነዋል። «ሀዉሜ» የሚለውን ደግሞ እንግሊዝኛው «ኢጎ» ይለዋል፤ የሐኪም ቤት ቃል ይመስላል። ሲፈታ ግን «እኔ» እና «እኔ» ነው፣ ሁለት ጊዜ። «እኔ እኔ ማለት» ብለው ይጻፉት፤ ከዚህ የተሻለ ትርጉም በየትም ቋንቋ አላየሁም። «ሁከም» ግን ያስቸግራል። ትእዛዝ ነው፣ ፈቃድ ነው፣ ዓለም የተያዘበት ሥርዓት ነው፤ አንዱን ቢመርጡ ሁለቱ ይቀራሉ። እኔ እንዳለ ትቼዋለሁ፤ ሐኪም ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ መሆኑ ለማስታወስ ይረዳኛል። እንዲህ ያለ ማስታወሻ ደብተር ይያዙ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሙሉ ጸሎት መልሼ በእርሱ ልደግም ካሉ ግን የትርጉም ትርጉም ይሆናል፤ ሦስተኛ ማጠቢያ ላይ የደረሰ ጨርቅ ቀለሙ አይያዝም።

ድምፁን በተመለከተ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ላቁም። ጃፕ ሳሂብ የጉሩ ጎቢንድ ሲንግ ሥራ ነው፤ 199 አንቀጾች አሉት፤ በእንግሊዝኛ ሲነበብ የሰላምታ ዝርዝር ይመስላል፦ ጊዜ ለማይገዛህ ሰላምታ፣ ለርኅሩኁ ሰላምታ፣ መልክ ለሌለህ ሰላምታ... ሦስተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ይመጣል። በራሱ ቋንቋ «ነመስትወንግ አካሌ፣ ነመስትወንግ ክርፓሌ» እያለ ሲወርድ ግን የፈረስ ግልቢያ ነው። የእኛን መልክእ አስቡት፤ «ሰላም ለ...» እያለ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ሲወርድ ዜማና ቤት መምታቱን ብናነሣበት ምን ይቀራል? ስለዚህ ጃፕን በእንግሊዝኛ ለማንበብ አይድከሙ። ስሙት። በጀፕጂም ከስምንተኛው እስከ አሥራ አንደኛው ያሉት አራት እርከኖች ስለ መስማት ናቸው፤ ልብ ብሎ ስለ መቀበል የሚናገሩት አራቱ ከእነርሱ በኋላ ነው የሚመጡት።

አሁን ወደ ሥራው። ስልኩን ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጉትና ከጉርድዋራ ጉትካ፣ ማለትም ትንሿን የጸሎት መጽሐፍ፣ ይጠይቁ። በየመስመሩ ጉርሙኪው፣ ከሥሩ በላቲን ፊደል አነባበቡ፣ ከዚያ ትርጉሙ የተጻፈበት ዓይነት አለ። ስልክን የምጠላው በሌላ አይደለም፤ «ኒርበኦ፣ ያለ ፍርሃት» ላይ ሲደርሱ የባንክ መልእክት ብቅ ይላል። ጉትካ ደግሞ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ እጅ ታጥቦ፣ ራስ ተሸፍኖ ይከፈታል፤ መሬት ላይ አይጣልም። ይህን ሲያደርጉ አማትዎ ሳይናገሩ ያዩታል።

በላቲን የተጻፈውን አነባበብ ብዙ አይመኑት። ሰት ናም የሚለው በፊደሉ ሲታይ መጨረሻ ላይ አጫጭር አናባቢዎች አሉት፤ «ሰቲ ናሙ» ተብሎ ይነበባል ብለው ያስባሉ። እነዚያ ምልክቶች ግን በአብዛኛው የሰዋስው ናቸው፤ አፍ አይላቸውም። ከላቲኑ ይልቅ ጉርሙኪን ራሱን ቢማሩ እመክራለሁ፤ ለእርስዎ ደግሞ ከእንግሊዞች ይልቅ ይቀላል። ዋናዎቹ ፊደላት 35 ናቸው፤ አናባቢው እንደ እኛው ፊደል በተነባቢው ላይ ይቀጠላል። አንዷ ምልክት፣ ሲሃሪ፣ ከፊደሉ በፊት ተጽፋ ከፊደሉ በኋላ ትነበባለች፤ ሁለት ቀን ታናድዳለች፣ ከዚያ ትለመዳለች። መጥበቅና መላላት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ «ገና» ላልቶና ጠብቆ ሁለት ነገር እንደሚሆን፣ በፓንጃብኛም «ፓታ» ላልቶ አድራሻ፣ ጠብቆ ቅጠል ነው። የሚያስቸግርዎት ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፋ የምትወጣው ት እና ድ ናት። ጠ ብለው እንዳያልፏት፤ ፓንጃብኛ ጠም ቀም የለውም።

ቅደም ተከተሉን እኔ እንዲህ አደርገው ነበር። ጀፕጂን ለጊዜው በእንግሊዝኛ ይቀጥሉ፣ ሙል መንተሩን ግን ከዛሬ ጀምሮ በራሱ ቃል ይበሉት፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በሳምንት አንድ እርከን ከእንግሊዝኛው ወደ ጉርሙኪው ያሸጋግሩ። በዚህ አካሄድ 38ቱም ዓመት ሳይሞላ ያልቃሉ። የማይገባዎትን እርከን እንኳ አይለፉት፤ ትርጉሙን በቀን ያንብቡ፣ ቃሉን በጸሎት ሰዓት ይድገሙ። ሁለቱን ሰዓት መለየት ራሱ ብዙ ያቀልልዎታል፤ እየደገሙ መተርጎም እየሮጡ እንደ መብላት ነው። በአርዳስ ጊዜ የራስዎን ልመና ሲያቀርቡ ደግሞ በአማርኛ ይናገሩ። እዚያ ተርጓሚ አያስፈልግዎትም።

ሶሂላ ግን በዚህ ሳምንት ይጀመር። አምስት ዝማሬ ብቻ ናት፤ ሦስቱ የጉሩ ናናክ፣ አንዱ የጉሩ ራም ዳስ፣ አንዱ የጉሩ አርጀን። ሌሊት መጽሐፉ ወደ ማረፊያው ሲሄድ ትባላለች፤ አስከሬን ሲቃጠልም ትባላለች። በመጀመሪያዋ ዝማሬ ውስጥ «ሰምበት ሳሃ ሊክያ፣ ሚል ከር ፓወሁ ቴል» የሚል መስመር አለ። እንግሊዝኛው «የሠርጉ ቀን ተጽፏል፤ ተሰብስባችሁ በደጃፉ ዘይት አፍስሱ» ይላል። ለምን ዘይት? የእርስዎ ትርጉም ማብራሪያ ይኑረው አይኑረው እኔ አላየሁትም። በፓንጃብ ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ በመድረኩ ግራና ቀኝ ዘይት ታፈስሳለች። ጉሩ ናናክ ሞትን ወደ ሙሽራው ቤት እንደ መግባት አድርገው ነው የዘመሩት።

ጉትካውን ይዘው ወደ አማትዎ ይሂዱ። ያቺን መስመር በጣትዎ ያሳዩአቸውና ቃሉን ቀስ ብለው እንዲሉልዎ ይለምኗቸው፤ ተከትለው ይበሉ። ከዚያ እርስዎ ወደዚያ ቤት የገቡ ዕለት ዘይቱ በምን ዕቃ ተይዞ እንደነበር ይጠይቋቸው።